ቃና ሲለወጥ ታማኝነት የት ይቀራል?

አንድ የሙዚቃ ቡድን የታወቀበትን ድምፅ ትቶ ሌላ ድምፅ ሲይዝ ያው ቡድን ነው ወይስ ስሙን ብቻ የወረሰ ሌላ ቡድን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የዘፈን አፍቃሪዎች ሙግት ይመስላል። ሥሩ ግን ጠለቅ ይላል። እየተለወጠ የሚኖር ነገር በምኑ ያው እንደሆነ መመርመር ከጥንት ጀምሮ የፈላስፎች ሥራ ነው። ድምፁን የለወጠ ሰው መንገዱን አሰፋ ወይስ ካደ ብሎ መፍረድ ደግሞ ከሃይማኖት ደጃፍ ያደርሳል።

ጥያቄውን በሁለት ጉዳዮች መፈተን ይቻላል። የመጀመሪያው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ የተቋቋመው አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድንና ከእርሱ የወጣው የአሊ ቢራ ጉዞ ነው (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው በ1980ዎቹ በፖላንድ ከጩኸታም ፐንክ ወደ ቀዝቃዛ ሞገድ የተሻገረው ሼኬራ ነው። ሁለቱ ተገላቢጦሽ ናቸው። ሼኬራ ስሙን አጥብቆ ይዞ ድምፁን ጣለ። አፍረን ቀሎ ስሙንም መድረኩንም ተነጠቀ፤ ከውስጡ የወጣው ድምፅም ሌላ ልብስ ለበሰ። ሆኖም ብዙ የድሬ ሰው የተቆረጠ ነገር አለ አይልም።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ደጋ መውጣት ስለከበደው ቆላ ቆላውን እንዲጓዝ ተደረገና በ1902 መጨረሻ ከተማዋ አሁን ካለችበት ሜዳ ደረሰ። አዲሲቱ ጣቢያ “አዲስ ሐረር” ተብላ ነበር። ስሙ አልጸናም፤ የአገሩ ሰው የሚጠራበት ስም አሸነፈ። ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ በአንዱ ወገን የባቡር ኩባንያው በቀጥ ያሉ ጎዳናዎች የዘረጋው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የነጋዴው መጋላ አደጉ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ህንዱ በአንድ ገበያ ተገናኙ። የጆሮውም ነገር እንደዚያው ነበር፤ የወደቡ መንገድ ከሸቀጡ ጋር የአደንና የሱዳን ዘፈን ያመጣል፣ የባቡር ሠራተኛው ፈረንሳይኛ ያወራል፣ ሲኒማ ቤቱ የህንድ ፊልም ያሳያል። አንድ የድሬ ልጅ ለዐቅመ አዳም ሳይደርስ በሦስትና በአራት ቋንቋ መቀለድ ይችል ነበር፤ አሁንም ይችላል።

በዚህ ሁሉ ድምፅ መካከል አንድ ጉድለት ነበር። የከተማው ኦሮሞ ልጁን ሲድር ሠርጉን የሚያደምቅለት አብዛኛውን ጊዜ የአረብኛ፣ የሐረሪ ወይም የሶማሊኛ ዘፈን ነበር። በገጠሩ ሸጎዬ ሞልቶ ሳለ ከተማው ውስጥ በኦሮምኛ የሚዘፍን ዘመናዊ ቡድን አልነበረም። ይህን ቁጭት ይዘው የተነሡ ወጣቶች ናቸው አፍረን ቀሎን የመሠረቱት። ስሙን የወሰዱት ከምሥራቅ ኦሮሞ የትውልድ ሐረግ ነው፤ አላ፣ ኦቦራ፣ ባቢሌና ዳጋ የሚባሉትን አራቱን የቀሎ ልጆች ያመለክታል። አሊ መሐመድ ሙሳ ገና ልጅ ሳለ ገባ። በመጀመሪያ መድረኩ ያዜመው ዘፈን ክረምት አልፎ ሰማዩ ስለሚጠራበት ስለ “ቢራ” ወቅት ነበርና “አሊ ቢራ” የሚለው ቅጽል ስም ከዚያ ወጣለት።

የቡድኑ ዓላማ ከሙዚቃ በላይ እንደነበር ሁሉም ያውቅ ነበር፤ መንግሥትም ጭምር። በዘመኑ ኦሮምኛ በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤትና በኅትመት ቦታ አልነበረውም። የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በ1963 ተቋቁሞ በ1967 ታገደ፤ በባሌ ዐመፅ ነበር። በዚያው በድሬዳዋ አካባቢ ሼህ በክሪ ሳጳሎ የተባሉ የእስልምና ሊቅ በ1956 ለኦሮምኛ የሚስማማ አዲስ ፊደል ፈጥረው ያስተምሩ ነበር። ፊደሉ ተከለከለ፤ እርሳቸውም ከድሬዳዋ እንዳይወጡ ተወስኖባቸው ለዓመታት ኖሩ። የአፍረን ቀሎም ዕጣ ከዚህ አልራቀም፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ እንቅስቃሴው ተገታና አባላቱ ተበተኑ። ሠርግ ላይ መዝፈን የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ለጥያቄያችን ዋና ነው። ቡድኑ ሲበተን አሊ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ፣ ኋላም አዲስ አበባ ገባ። እዚያም የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባል ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቡድኑን ያፈረሰበት ወጣት የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኞች ባቋቋሙት ኦርኬስትራ ውስጥ፣ ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ በደመቁበት መድረክ ላይ ቆመ። ድምፁም ተከትሎ ተለወጠ። በድሬ ዑድ፣ ከበሮና ጭብጨባ የነበረው በአዲስ አበባ ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ትሮምቦን ሆነ። ሠርገኛው መሀል ገብቶ አብሮ የሚያዜመው ዘፈን አሁን ኖታ የተጻፈለት፣ ልምምድ የሚጠይቅ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች የሚያጅቡት ሆነ። በ1971 በኦሮምኛ የመጀመሪያው ሸክላ እየተባለ የሚጠቀሰውን ሥራ አሳተመ። ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን የሚመራው የአይቤክስ ባንድ ድምፅ መጣ። በአሥር ዓመት ግድም ሦስት ድምፅ ማለት ነው።

ታሪኩን ክፉ ልቡና ያለው ሰው እንዲህ ሊተርከው ይችላል፦ የተከለከለው ልጅ ከከልካዩ ዘንድ እንጀራ በላ፣ የሠርጉን ዑድ በቤተ መንግሥት ናስ ለወጠ። ደግ ልቡና ያለው በተቃራኒው፣ የተከለከለው ቋንቋ ከከልካዩ ግቢ ውስጥ ገብቶ በከልካዩ መለከት ተነፋ ይላል። ሁለቱም አተራረኮች አንድን እውነታ ይዘው ይጣላሉ። ጠቡን ለመፍታት ተጨማሪ መረጃ አይረዳም፤ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው ከአንድ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይቀዳ የፖላንዱን ማየት ይጠቅማል።

ፑዋቪ በቪስዋ ወንዝ ዳር ያለች፣ በማዳበሪያ ፋብሪካዋ የምትታወቅ የፖላንድ ከተማ ናት። በ1983 አካባቢ ቶማሽ አዳምስኪ የተባለ ጊታር ተጫዋች እዚያ ሼኬራን መሠረተ፤ ትርጉሙ መጥረቢያ ነው። አገሪቱ ከታኅሣሥ 1981 እስከ ሐምሌ 1983 በወታደራዊ ሕግ ሥር ቆይታ ገና መውጣቷ ነበር። በ1984 በያሮቺን የሮክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ቡድኑ የነጎድጓድ ያህል ተሰማ። ዘፈኖቹ አጫጭር፣ ፈጣን፣ የድምፃዊው የቶማሽ ቡድዚንስኪ ጩኸት የሚገዛቸው ነበሩ። ቡድዚንስኪ ብዙም ሳይቆይ ተለየና አርሚያ የተባለ ሌላ ቡድን ከሌሎች ጋር አቋቋመ። አዳምስኪ ስሙን ይዞ አዳዲስ ሰዎች ሰበሰበ፣ ኪቦርድ ጨመረ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ። በ1986 ቶንፕረስ ያሳተመው “ኖቫ አሌክሳንድሪያ” የተሰኘው አልበም ሲወጣ የቀድሞው ጩኸት የለም። ከበሮው እንደ ማሽን ይደጋግማል፣ ጊታሩ በማሚቶ ተከቦ ከሩቅ ይመጣል፣ ድምፁ ስሜት እንደሌለው ሰው ቃላቱን እየቆራረጠ ይናገራል። የአልበሙ ስም የከተማዋ አሮጌ ስም ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የሩሲያ ገዢዎች ፑዋቪን “አዲሲቱ አሌክሳንድሪያ” ብለው ሰይመዋት ነበር። እንደ አዲስ ሐረር ሁሉ ይህም ስም አልጸናም።

ቀዝቃዛ ሞገድ የሚባለው የአዘፋፈን ዘይቤ ስሙን ያገኘው በ1970ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ ነው። መነሻው ከፐንክ ቁጣ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ሙዚቃ ነው፤ በተለይ የማንቸስተሩ ጆይ ዲቪዥን። ይህ ቡድን ራሱ ሲጀምር ፐንክ ነበር፣ ስሙም “ዋርሶ”፤ ድምፃዊው በ1980 ሲሞት የቀሩት አባላት ኒው ኦርደር ተብለው በሌላ ድምፅ ቀጠሉ። ስለዚህ በሙዚቃ ዓለም ስም፣ ሰውና ድምፅ አብረው አይሄዱም፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቀጥላል። ከአገር ቤትም ምሳሌ አለ። አይቤክስ ባንድ ከ1970ዎቹ መገባደጃ በኋላ ሮሃ ባንድ በሚል ስም ሲታወቅ ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ሥዩም እዚያው ነበሩ። ስሙ ሄደ፣ እጆቹ ቀሩ።

የመጀመሪያው የፍልስፍና መለኪያ አባላትን መቁጠር ነው። ፕሉታርክ የተረከው የቴሴዎስ መርከብ ታሪክ ይህን ይፈትናል፤ የበሰበሰው ሳንቃ በአዲስ እየተተካ በመጨረሻ አንድም አሮጌ ሳንቃ ያልቀረበት መርከብ ያው መርከብ ነው ወይ? በዚህ ቁጥር ሮሃ አይቤክስ ነው፤ የ1986ቱ ሼኬራ ግን የ1984ቱ በከፊል ብቻ ነው። መለኪያው ለመርከብ እንኳ ያስቸግራል፣ ለሙዚቃ ደግሞ ጨርሶ አይበቃም። ሰው ሲቆጠር የሚዘፈነው ነገር ከቁጥሩ ውጭ ይቀራልና።

ሁለተኛው የአርስቶትል ነው፤ ለዚህም ጉዳይ በተለይ የተቆረጠ ይመስላል። “ፖለቲካ” በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል አንዲት ከተማ መንግሥቷ ሲለወጥ ያችው ከተማ ናት ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ሲፈልግ የመዘምራንን ቡድን በምሳሌነት ያነሣል፤ ሰዎቹ እነዚያው ሆነው አንድ ጊዜ የሐዘን፣ ሌላ ጊዜ የቀልድ ተውኔት ቢያዜሙ ቡድኑ ሌላ ነው። ኖታዎቹ እነዚያው ሆነው ቅኝቱ ቢለወጥ ዜማው ሌላ ነው። ከተማም እንዲሁ፦ ቅርጿ ሥርዐቷ ነውና ሥርዐቷ ሲለወጥ ሌላ ትሆናለች። በትዝታና በባቲ መካከል ያለውን ርቀት ለሚያውቅ አድማጭ ይህ አነጋገር እንግዳ አይደለም። እንደ አርስቶትል ከሆነ ጩኸታሙና ቀዝቃዛው ሼኬራ ሁለት ቡድኖች ናቸው። የዑዱና የናሱ አሊ ቢራም ሁለት ዘማሪዎች ናቸው። ድሬዳዋ ራሷ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 በጣሊያን፣ በደርግ፣ ኋላም በ2004 በወጣው ቻርተር የምትተዳደረው የፌዴራል ከተማ እየሆነች ስትመጣ ከአንድ በላይ ከተማ መሆን ነበረባት። የደቻቱ ጎርፍ የወሰዳቸውን ቤቶች እየቆጠረ የሚያስታውስ የድሬ ሽማግሌ ይህን አይቀበልም፤ ልክ ነው።

አርስቶትል ግን በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ አንድ ነገር ሳይፈታ ይተወዋል። ምርመራው የጀመረው በዕዳ ነበር፤ አዲስ መንግሥት ያሮጌውን መንግሥት ዕዳ መክፈል አለበት ወይስ “የተበደርኩት እኔ አይደለሁም” ማለት ይችላል? ስለ ማንነት ከተናገረ በኋላ መክፈሉ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለከተማ ሌላ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ለዘፋኝ ግን ያው ጥያቄ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት የሃይማኖት ሰዎች ያነሡትን ነገር መስማት ያስፈልጋል። እነርሱ ከፈላስፎቹ ቀድመው ያዩት ነገር አለ።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ድምፅ በራሱ እምነት ይሸከማል ወይ የሚል ነው። ይሸከማል ከተባለ መሣሪያ መለወጥ እምነት መለወጥ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ (በ1111 ያረፉት) “ኢሕያ ዑሉም አድ-ዲን” በተባለው ትልቅ ሥራቸው ውስጥ ስለ መስማት ሥነ ሥርዓት አንድ ሙሉ መጽሐፍ መድበዋል። አስተሳሰባቸው ረቂቅ ነው። ድምፅ ደስ ስላሰኘ አይከለከልም፤ የወፍ ዜማም ደስ ያሰኛል። ዜማ በልብ ውስጥ የሌለውን አያመጣም፤ ያለውን ይቀሰቅሳል። የተወሰኑ የክርና የዋሽንት መሣሪያዎች የተነወሩት በድምፃቸው ክፋት ሳይሆን የመጠጥ ማኅበር ምልክት ስለሆኑ ነው። ለዒድና ለሠርግ ድቤ መምታትን ግን ፈቅደዋል። በሐረርና በአካባቢዋ የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ ገዛሊ የተከተሉት ስለሆነ ይህ ክርክር ለድሬ ሠርግ ቤት የሩቅ አልነበረም። ዑድ ይዞ ሠርግ ላይ የሚቀመጥ ወጣት በፈቃድና በነውር ወሰን ላይ ነበር የተቀመጠው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወግም ተመሳሳይ ነገር አለ። ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጡት ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስት ዜማዎች፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ የማኅሌቱ ናቸው። በገና የዳዊት ነው፤ ጾም ሲገባ ይሰማል። ክራር ግን የአዝማሪ ነው ተብሎ ከዚያ ይለያል። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ቅርጻቸው ይመሳሰላል፣ ቅኝታቸውም ይወራረሳል። አንዱን ቅዱስ ሌላውን ዓለማዊ ያደረገው አብሯቸው የኖረው ሰው፣ ቦታውና ጊዜው እንጂ ክሩ አይደለም። ሁለቱ ሃይማኖቶች በብዙ ቢለያዩም እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ የድምፅ ማዕረግ ከባልንጀራው ይመጣል።

ይህ መርህ ወደ ድሬው ጉዳይ ሲመለስ ብርሃን ይሰጣል። የናስ መሣሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ከቤተ መንግሥትና ከጦር ሠራዊት ጋር ኖሯል። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የመንግሥት ባንድ ሆነው ነው የጀመሩት። እንግዲያው አሊ በናስ ታጅቦ ሲዘፍን ድምፁ የቤተ መንግሥት ሽታ ነበረበት ቢባል ሐሰት አይደለም። ሆኖም በእስልምና ሕግ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ መርህ አለ፦ ፍርድ ከምክንያቱ ጋር ይዞራል፣ ምክንያቱ ሲነሣ ፍርዱም ይነሣል። ባልንጀራ ማዕረግ የሚሰጥ ከሆነ ባልንጀራ ሊለውጠውም ይችላል። ኦሮምኛ በናስ ላይ ሲሳፈር ናሱ የቤተ መንግሥት ብቻ መሆኑ ቀረ። ዛሬ የዚያን ዘመን ሸክላ የሚሰማ ሰው ትራምፔቱን ሰምቶ ዘበኛ አያስብም። የሚያስታውሰው ወጣትነትን፣ ፍቅርንና በቋንቋው መዘመሩን ነው። የኪቦርዱ ቅዝቃዜም እንዲሁ የተፈጥሮ አይደለም። ፖላንዳዊው ወጣት ቅዝቃዜውን የሰማው የሰዓት እላፊና የፋብሪካ ጭስ በቅርቡ ስለነበሩ ነው። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ሲጸና ደግሞ የምሽት ክበቦች በራቸውን ዘግተው እስከ ንጋት ያስጨፍሩ ነበር፤ ያው እገዳ በአንዱ አገር በረዶ፣ በሌላው ላብ ወለደ። ሠላሳ አምስት ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ከሰዓት በኋላዋን በበርጫ በምታሳልፈው ድሬ ቀዝቃዛ ሞገድ ምን ሊመስል እንደሚችል ማሰብ ለአንባቢ የሚተው ነው።

ድምፅ እምነት አይሸከምም ከተባለ በኋላ ግን ተቃራኒው ስሕተት ይጠብቃል፤ እንግዲያው ማንኛውም ለውጥ ግድ የለውም የሚል። የሙሉቀን መለሰ ሕይወት ይህን ያፈርሰዋል። በ1970ዎቹ ዝናው የገነነው ሙሉቀን የጴንጤቆስጤ ክርስትናን ተቀብሎ ዓለማዊ ዘፈንን እርግፍ አድርጎ ተወ። ጉሮሮው ያው ነበር። እርሱ ግን የሚዘፍንለት ጌታ ተለውጧልና የቀድሞዎቹን ዘፈኖች መልሶ ማዜምን አልመረጠም። የፖላንዱ ቡድዚንስኪ በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። ጩኸቱን ሳይተው ካቶሊክ እምነቱን በአደባባይ ያዘ፤ በ1996 ከተመሠረተው የሮክ ቡድን መሥራቾች አንዱ ሆነ። የቡድኑ ስም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ቁጥር ነው፣ የሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 3። ስለዚህ በሼኬራ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር አደረጉ፤ የቀረው ድምፁን ለወጠ፣ የሄደው ድምፁን ሳይለውጥ የሚያገለግለውን ለወጠ። ጥልቁ ለውጥ የማን እንደሆነ ለመናገር ጆሮ ብቻ አይበቃም። ለማን ነው የሚዘፈነው ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

አርስቶትል የተወው ዕዳ እዚህ ይመለሳል። አንድ ቡድን ሲነሣ ከሰዎች ይበደራል። ሠርገኛው ቤቱን ይሰጣል፣ ጎረምሳው ጊዜውን፣ እናት ልጇ ቢታሰርባት የምትከፍለውን ፍርሃት። አፍረን ቀሎን ያቆሙት እነዚህ ናቸው፤ ከመጋላ ሠርግ ቤቶችና ከለገሀሬ ሰፈሮች የመጣ ብድር ነው። “ከዳኸን” የማለት መብት ያላቸውም እነርሱ ናቸው። ከሌላ ቦታ የመጣ አድማጭ “አልወደድኩትም” ማለት ይችላል፤ ክህደትን ግን መክሰስ አይችልም፣ ያበደረው የለምና። አንድ ቡድን በለውጥ ውስጥ ያው የሚሆነው ለቀድሞ አበዳሪዎቹ መልስ መስጠቱን እስካላቆመ ድረስ ነው። ስም፣ ሰውና መሣሪያ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

አበዳሪ ግን ጌታ አይደለም። መውቀስ ይችላል፤ ቃናውን መወሰን አይችልም። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ አድማጭ የእስር ቤት ጠባቂ ይሆናል፤ ሙዚቀኛውም በ18 ዓመቱ የዘፈነውን በ60 ዓመቱ እንዲደግም ይፈረድበታል። የያሮቺን ፐንኮች “የት ሄደ ያ ጩኸት?” ብለው አዳምስኪን መጠየቃቸው ተገቢ ነበር። ፍጥነቱን መልስ ብለው ማዘዝ ግን የእነርሱ አልነበረም። በ1984 ያበደሩት ጆሯቸውን ነው፤ ያበደሩትም መታፈናቸውን ለሚናገርላቸው ሰው ነበር። የ1986ቱ አልበም ያንኑ መታፈን በበረዶ ተናገረ። ዕዳው በሌላ ገንዘብ ተከፈለ።

በድሬ ጉዳይ ላይ አንድ ተጨማሪ ውስብስብ ነገር አለ፤ አበዳሪው አንድ አይደለም። አሊ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአረብኛ ዘፍኗል። ጠባብ ዐይን ላለው ይህ ዕዳን መበተን ነው። ነገር ግን ያሳደገው ሰፈር የእነዚህ ሁሉ ነበር፤ የተማረው አረብኛ፣ የሰማው የሶማሊኛ ዘፈን፣ አብሮት የተጫወተው የሐረሪ ልጅ ሁሉም አበድረውታል። ለአንዱ ብቻ ከፍሎ ሌላውን መካድ ነበር ነውሩ። ከዚህም ጋር የኦሮምኛው ዘፈን አልተቋረጠም፤ በክቡር ዘበኛ ሳለ፣ በአይቤክስ ሳለ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ በውጭ አገር፣ በተለይም በካናዳ በኖረባቸው ረዥም ዓመታት ቀጥሏል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ሲያርፍ የተቀበረው በድሬዳዋ ነው።

በ2013 “ኢትዮፒክስ” በተሰኘው የፈረንሳይ የሸክላ ተከታታይ ኅትመት 28ኛ ቁጥር የአሊ የቀድሞ ሥራዎች ወጥተው በአውሮፓ አዲስ አድማጭ አገኙ። በ2008 ደግሞ የሼኬራ የፐንክ ዘመን ቅጂዎች በአልበም ታትመዋል። አዲሶቹ አድማጮች የትኛውን ድምፅ እንደሚመርጡ የመናገር ሙሉ ነፃነት አላቸው፤ የትኛው “እውነተኛው” እንደሆነ ለመፍረድ ግን ቦታ የላቸውም። ዳኝነቱ ሠርጉን ባደመቁት የድሬ ሰዎች ዘንድ ነው። እነርሱ ደግሞ ናሱንም፣ ጊታሩንም፣ ስደቱንም ሰምተው አሊ ቢራን እንደ ከዳተኛ አልቆጠሩትም። የአፍረን ቀሎ ስም በ1960ዎቹ ታገደ፤ ቡድኑ ግን በዚህ መለኪያ ከሼኬራ ይልቅ ያው ሆኖ ቆይቷል።